ምክንያት የማይሰሙት ጋሽ ደምሴ

ሚኒባሱ ከአሰላ መናኸሪያ ወጥቶ የሳጉሬን መንገድ እንደያዘ ረዳቱ ሒሳብ ሊሰበስብ ወደ ኋላ ዞረ። በየሳምንቱ ስለምመላለስ ያውቀኛል። ብሩን ተቀበለኝና፣ «ለቅሶ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ሥራ ነው።»

«ለዛፉ ሰውዬ መስሎኝ።»

«የቱ የዛፉ ሰውዬ?»

«ጋሽ ደምሴ ናቸዋ። ትናንት ተቀበሩ አይደል? ሰው ሁሉ በኛ መኪና ነው የሄደው።» መልሴን ሰጠኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

የዚያን ቀን ቀጠሮዬ ከጋሽ ደምሴ ጋር ነበር፤ ዛፎቻቸውን ልንለካ። ሁለት ቀን ስደውልላቸው ስልካቸው ዝግ ነው ሲለኝ የኔትወርክ ችግር ነው ብዬ ትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ድንገት የሰማ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ሳስብ፣ እኔ ምንም እንዳልሆንኩ ትዝ ይለኛል። በመስኮቱ የገብስ ማሳ አየሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈው ነበር፤ ዶሮዋን አየሁ። ከዚያ ነጠላ እንዳልያዝኩ ትዝ አለኝ፤ እሱ ብቻ አሳሰበኝ።

ጋሽ ደምሴ ከሳጉሬ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ደመናው ሲገለጥ ጭላሎ ከጓሮ የቆመ በሚመስልበት መንደር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በወጣትነታቸው የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተቀጥረው ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ወሳጅ አጥቶ የሚደርቀውን የጥቁር እንጨትና የኮሶ ችግኝ በጆንያ እየያዙ ወደ ቤታቸው ያመጡና ከጓሯቸው ይተክሉት ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አሳዘነኝ» ብቻ አሉኝ። ሌላ ምክንያት ሰጥተውኝ አያውቁም።

ሁለቱም የመድኃኒት ዛፎች ናቸው። ኮሶን ሁሉም ያውቀዋል። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ደግሞ ድሮ ለቁስል ይቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን የሽንት ችግር ላለባቸው ሽማግሌዎች መድኃኒት ስለሚሆን ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ይፈልጉታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ደን ነው። እንደጨረስኩ የተቀጠርኩበት ትንሽ ፕሮጀክት የዚያን አካባቢ ገበሬዎች በማኅበር አደራጅቶ እነዚህን ዛፎች ያስተክል ነበር። ገቢው በሁለት በኩል ነው፤ አንደኛው ከቅርፊቱ ሽያጭ፣ ሁለተኛው ዛፎቹ በውስጣቸው ለያዙት ካርቦን ከውጭ የሚከፈለው። ካርቦኑን ለማስላት ዛፉ ቆሞ መገኘት አለበት። ግንዱን በደረት ከፍታ ላይ በሜትር ዙሪያውን መለካት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። በዚህ የተነሳ ጋሽ ደምሴ ስሜን ትተው «ወይዘሪት ሜትር» ይሉኝ ጀመር።

አብረን ስንለካ እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ እያንዳንዱን ግንድ እንደ በሬ ጭን ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል። «በይ ወገብሽን ስጪያት፣ አትኩሪ» ይላሉ ለዛፏ። ለእኔ ደግሞ፣ «አታጥብቂባት፤ ቁርስ በልታለች» ይሉኛል። የምላቸው ነገር ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እሳቸው መልሴን ጠብቀው አያውቁም፤ ራሳቸው ይመልሱልኝ ነበር።

የመጀመሪያው የማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ካርቦን እንዳስረዳ ተነገረኝ። ተነሳሁ። ብዙ ወንዶች፣ ጥቂት ሴቶች፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና፣ «ወይዘሪት ሜትር የምትለው እንዲህ ነው» ብለው ጀመሩ። ዳገቱን ስንወጣ እኔ የነገርኳቸውን ነበር የሚናገሩት፤ ብቻ በእሳቸው አፍ ሌላ ነገር ይመስል ነበር።

«ዛፍ ምን በልቶ ነው የሚወፍረው?»

«አፈር ነዋ» አለ አንዱ።

«አፈር ቢሆንማ ከሥሩ ጉድጓድ ይሆን ነበር። አየር ነው የሚበላው። ከመኪናው፣ ከፋብሪካው የሚወጣውን ጭስ ያለበት አየር በልቶ እንጨት ያደርገዋል። አጫሾቹ ደግሞ ያንን የሚይዝላቸው ሰው አጡ። ለያዘላቸው እንከፍላለን አሉ።»

የቅርብ ጎረቤታቸውና የልብ ጓደኛቸው ኦቦ ከድር እጃቸውን ሳያወጡ ተናገሩ። «አቦ፣ ደምሴ! ዛፍ ጆንያ ነው እንዴ አየር የሚቋጠርበት?»

«ጆንያ ነው። ቆርጠህ ያነደድከው ቀን ግን ጆንያው ተቀደደ። አየሩ ወጣ፣ ክፍያውም ቀረ።»

«እኔስ? ከተወለድኩ ጀምሮ አየር ስውጥ አይደል የኖርኩት? ለኔ ማን ይክፈለኝ?»

«አንተ መልሰህ በወሬ ታወጣዋለህ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኦቦ ከድር ራሳቸው ከሁሉም በላይ ሳቁ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው አገጫቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ልክ ነኝ?» ማለታቸው ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት እሱን ብቻ ነበር።

ቅርፊት ገዢዎች የመጡ ቀንም አልረሳውም። ሁለት ጎረምሶች ገጀራ ይዘው ከነጋዴው ጋር መጥተው ከትልልቆቹ ጥቁር እንጨቶች አንዱን ዙሪያውን ሊልጡት ከበቡት። ዙሪያውን የተላጠ ጥቁር እንጨት ይደርቃል። የሚላጠው ከአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ቁስሉ ሲጠግግ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከሌላው ጎን። ጋሽ ደምሴ በጎረምሶቹና በዛፉ መካከል ገብተው ጀርባቸውን ግንዱ ላይ ለጠፉ።

«ኮቱን ገፍፈህ ብርድ ላይ ልታቆመው ነው? አንድ እጅጌ ውሰድና ሂድ።»

«አባት፣ ገዢዎቹ ብዙ ነው የሚፈልጉት» አለ ነጋዴው።

«የፈረንጅ ሽማግሌ ሽንቱ እንዲወርድለት የኔ ዛፍ ራቁቷን አትቆምም። አንድ እጅጌ!»

ነጋዴው ሳቀ፤ ጎረምሶቹም ሳቁ። አንድ እጅጌ ወስደው ሄዱ። እሳቸው አልሳቁም። ከሄዱ በኋላ የተላጠውን ቦታ በመዳፋቸው ሸፍነው ትንሽ ቆዩ። አዲስ የተላጠ ጥቁር እንጨት የተሰበረ የኮክ ፍሬ አስኳል ይሸታል፤ ያ ጠረን ቀኑን ሙሉ ከእጃቸው አልለቀቀም ነበር።

ከሁሉ በላይ የምረሳው የማይመስለኝ ግን የማኅበሩን ሕግ ያወጡበትን ቀን ነው። ዛፍ የቆረጠ አባል ምን ይሁን ተብሎ ሲነሳ አብዛኛው ሰው በገንዘብ ይቀጣና ይለፍ አለ። ጋሽ ደምሴ እምቢ አሉ። «ገንዘብ ያለው ይቆርጥና ይከፍላል። የሌለው ብቻ ነው ሕግ የሚያከብረው። አንድ ዛፍ የቆረጠ ይውጣ። በቦታው ሌላ ይትከል። የተከለው ደረት ሲደርስ ይመለስ። እስከዚያ ከካርቦኑም ከቅርፊቱም ድርሻ የለውም።»

«ምክንያት ቢኖረውስ?» አለ አንድ ሰው።

«ምክንያት አንሰማም። መስማት ከጀመርን ምክንያት የሌለው ሰው አናገኝም።»

ጸደቀ። ብዙም ሳይቆይ ሕጉ የመጀመሪያውን ሰው አገኘ፤ የጋሽ ደምሴን ታናሽ ወንድም ተፈራን። ክረምቱ ሊገባ ሲል የቤቱ ጣሪያ ያፈስ ጀመር። ለወራጅ የሚሆን እንጨት አጥቶ ከራሱ ጥቁር እንጨቶች አንዱን ጣለ። ስብሰባው ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ልጆቼ ላይ እየዘነበ ነው» አለ። ጋሽ ደምሴ ወንድማቸውን ሳያዩ፣ «ምክንያት አንሰማም» አሉ። ተፈራ ወጣ።

በማግስቱ ለልኬት ስሄድ ጋሽ ደምሴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አዲስ ቆርቆሮ በጫንቃቸው ተሸክመው ወደ ተፈራ ቤት ይወጣሉ። ሸክሙ ስለከበዳቸው ቆም ብለው ተነፈሱ። እንዳየኋቸው ሲያውቁ፣ «ቆርቆሮው የወንድም ነው። ሕጉ የማኅበር ነው» አሉኝ። ተፈራ ቆርቆሮውን ተቀበለ። ወንድሙን ግን ከዚያ በኋላ አላነጋገረም። ስብሰባ መምጣቱን አልተወም፤ በር አጠገብ ይቀመጥና አንዲት ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ጋሽ ደምሴ ሁልጊዜ ሲገቡ በሩን ያዩ ነበር። ሰላም አይሉትም፤ ያዩታል ብቻ።

ቤታቸው ስደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። እድርተኛው ወንበር ይደረድራል። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በተርታ ተቀምጠዋል። ከድንኳኑ ጀርባ በትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ ይፈላል። ዝናቡ ስላልቆመ ጭሱ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር። ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ጥሩነሽ ለመግባት ጭሱን አቋርጬ ሳልፍ ያ የኮክ አስኳል ጠረን መጣ።

ቆምኩ። እሳቱ ውስጥ የሚነደውን እንጨት አየሁ። ከጎኑ የተከመረውን ፍልጥም አየሁ፤ እርጥብ ነው፣ ቀይ ነው፣ ቅርፊቱ ጥቁርና ሻካራ ነው። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከዛፎቹ ሁሉ ትልቁ፣ አንድ እጅጌ የተወሰደበት፣ የለም። ከጎኑ የነበረውም የለም። ሁለት ጉቶ ዝናብ ይመታዋል። ሜትሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

ኦቦ ከድር መጥረቢያ ይዘው ከኋላዬ መጡ። ዓይናቸው አብጧል። «መጣሽ ልጄ? አየሽ ጓደኛዬን?» አሉና አለቀሱ። ከዚያ በመጥረቢያው ጫፍ ወደ ፍልጡ አመለከቱ። «እድሩ ባሕር ዛፍ ይዞ መጥቶ ነበር። እምቢ አልኩ። አምና ከአንድ ለቅሶ አብረን ስንመለስ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ከድር፣ የኔ ለቅሶ ላይ ባሕር ዛፍ ብታነዱ ተነስቼ ነው የምሄድባችሁ› አለኝ። ሲቀልድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የመጨረሻው አይደል? ለሱ የሚገባው የራሱ እንጨት ነው አልኩ። በገዛ እጄ ቆረጥኩለት። ሌላ ሰው አላስነካሁም።»

«ቶሌ» አልኳቸው። ጥሩ፣ እሺ ማለት ነው በኦሮምኛ። ኦቦ ከድር የማኅበሩ አባል ናቸው፤ ሕጉ ሲወጣ እጃቸውን አውጥተዋል። በዚያች ሰዓት ግን የሕጉ ነገር ጨርሶ አልታሰባቸውም። ለጓደኛቸው የመጨረሻውን ክብር እየሰጡ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ፣ በሴቶች መካከል ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጓሮውን አየሽው?»

«አየሁት እትዬ።»

«ከቀብር እንደተመለስን መጥረቢያውን ሰማሁ። ባሕር ዛፍ እንዲያ አይጮኽም። ከድር ተው ልል ብድግ ስል ሴቶቹ ያዙኝ። ራሴን መሬት ላይ ልጥል የተነሳሁ መሰላቸው። ልቀቁኝ ብል እነሱ ይብስ ያጠብቃሉ። ሁለት ሆነው ተጫኑኝ። ዛፉ፣ ዛፉ ስል ‹አይዞሽ፣ ዋርካሽ ነበር› ይሉኛል።» ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «ሲወድቅ ሰማሁት። ሁለተኛውንም ሰማሁ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ከመሬታቸው ዛፍ ስለጎደለ የማኅበሩ ድርሻቸው ሊቀር ይችላል። አንዲት ሴት ልጃቸው አዳማ ነው የምትኖረው። እርሻቸውን የሚያርስ ወንድ ከእንግዲህ የለም። መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥተው ከምርቱ ግማሹን ብቻ ይጠብቁ ወይስ ራሳቸው በቅጥር አሳርሰው ሙሉውን ያስገቡ የሚለው ጥያቄ የተፈታው በዛፎቹ ገቢ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከመሞታቸው በፊት በኔው ፊት፣ «እኔ ብሞት እንኳ ዛፎቹ ያሳርሱልሻል» ብለዋቸዋል። የመጀመሪያው የካርቦን ክፍያ የሚመጣው የዚያን ሰሞን ልኬት ተከትሎ ነበር።

«ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«የምታዪውን ለክተሽ ስብሰባው ላይ አንብቢ። ሌላ ምን ታደርጊያለሽ?» ሴቶቹን አየት አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ለከድር ግን ዛሬ እንዳትነግሪው። ዛሬ ይልቀስ።»

አልነገርኳቸውም። ንፍሮ ሰጡኝ፤ በላሁ። የባቄላውና የስንዴው ጣዕም ነበረው፣ ሌላ ምንም አልነበረውም። አሰላ ስመለስ ጸጉሬ ያንን ጠረን ይሸት ነበር። ታጠብኩና ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ልኬቱ የሚነበብበት ስብሰባ የተደረገው የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ ከሳምንታት በኋላ በማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ያን ቀን በእኔ ቦታ የሚናገርልኝ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ስም እየጠራሁ የእያንዳንዱን ሰው ዛፍ አነበብኩ። ድምፄ ወጣ። ለምን እንደወጣ አላውቅም፤ ምንም ስላልተሰማኝ ይሆናል። የጋሽ ደምሴ ስም ላይ ደረስኩ።

«በጋሽ ደምሴ መሬት ላይ ሁለት ጥቁር እንጨት ተቆርጧል።»

ኦቦ ከድር መጀመሪያ አልገባቸውም፤ እንደማንኛውም ሰው ዞር ዞር ብለው ማን እንደቆረጠ ፈለጉ። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ቀስ ብለው ተነሱ።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እኔን አስወጡኝ።»

«አባ፣ ይሄ መቁረጥ ይባላል እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ለቅሶ ነው። ለሟቹ ክብር ነው።»

«እውነት ነው» አሉ ሌሎች። «የሕጉ አባት አይደሉም እንዴ? በሳቸው ለቅሶማ ሕግ አይነሳም።»

«እሺ፣ ይታለፍ! ይታለፍ!» የሚለው ድምፅ በዛ። አንዳንዱ ለማጨብጨብ እጁን አንስቶ ነበር። ኦቦ ከድር ግን አልተቀመጡም። «አቦ፣ ሰው እየሰማኝ ነው? እጄ ነው የቆረጠው» ይላሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ እኔ አየ። እኔ ወረቀቱን አየሁ።

በር አጠገብ ተፈራ ተነሳ። ከማኅበሩ ከወጣ ወዲህ ስብሰባ ላይ ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። ሊጮኽ የመጣ መስሏቸው ሁሉም ዞሩ። እሱ ግን የወንድሙን ሚስት ብቻ ነበር የሚያየው።

«እትዬ፣ ክፉ አይደለም የምናገረው» አለ። «እኔም ቤቴ ያፈስ ነበር። ያንን ልበል ብዬ ነው።» መልሶ ተቀመጠ።

እትዬ ጥሩነሽ ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሲነሱ ጉልበታቸውን ያዙ።

«ከድር፣ ተቀመጥ። አንተ ጓደኛህን ቀብረሃል፤ ዛፍ አልቆረጥክም። ዛፍ የጎደለው ከኔ መሬት ነው፤ የምወጣው እኔ ነኝ» አሉ። ሰዎቹ ሊናገሩ ሲሉ እጃቸውን አነሱ። «ተፈራ ልጆቹ ላይ እየዘነበ ወጥቷል። እኔ ቤቴ አያፈስም። እኔ ሳልወጣ ከቀረሁ እሱን ምን ብዬ ሰላም እለዋለሁ? መሬቱን ለጊዜው የእኩል እሰጣለሁ። በዛፎቹ ቦታ ተክዬ እጠብቃለሁ።»

«ጥሩነሽ…» አሉ ኦቦ ከድር።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ በሩ ሄዱ። ተፈራ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ብድግ አለ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ አጭር ነበር። ከተቀመጠበት ጃንጥላውን አነሳ። ዝናብ ላይ ዘርግቶላቸው አብረው ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ እሱ ከጃንጥላው ውጭ ነበር፣ እየረጠበ።

ሊቀመንበሩ፣ «ቀጥይ» አለኝ።

ቀጣዩ ስም የኦቦ ከድር ነበር። ጠራሁት። አሁንም በሩን እያዩ ከፊቴ ቆመው ነበር፤ አልሰሙኝም። ደግሜ ጠራሁት።